ልጆቹ ያዩት ፈረስ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ጠዋት ከቀጨኔ ተነሥቼ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ማርያም እወጣለሁ። ተሳልሜ እወርዳለሁ። ቤቴ ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልከረረችም፤ ቀኑ ሙሉውን ከፊቴ ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። ልጄ፣ "እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ሠርተሽ የለ? አሁን አርፈሽ ቁጭ በይ እንጂ!" ትለኛለች። እንዴት ብዬ ላስረዳት? የእኔ ሥራ የተቀመጠውን ማስነሣት ነበር። ፊደል ሳስሮጥ፣ ቁጥር ሳስጨፍር የኖርኩ ሰው ሶፋ ላይ ተቀመጪ ስባል እግሬ እሺ አይለኝም።

መሥሪያ ቤቱ የሸኘኝ ዕለት ወጣቶቹ ኬክ ቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው፣ ንግግር አደረጉልኝ። ሁሉም የሥዕል ፊልም በኮምፒውተር የሚሠሩ ልጆች ናቸው፤ እኔ ወር የሚፈጅብኝን እነሱ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሱታል። መጨረሻ ላይ አንዷ ኬኳን እንደያዘች ጠጋ ብላ፣ "እትዬ ሙሉ፣ ድሮ ፊልሙ ላይ ራሱ በመርፌ እየጫራችሁ ነበር የምትሠሩት የሚባለው እውነት ነው እንዴ?" አለችኝ።

"እውነት ነው።"

"ለምን?"

"ካሜራ ስላልነበረን" አልኳት። መልሱ ግን ከዚያ ይረዝማል። አሳጥሬ ስለመለስኩላት ቆጨኝ። ለእሷ ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

የጀመርኩት በአስተማሪነት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አዲሱ ገበያ አጠገብ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ማስተማሩ አልሆነልኝም፤ ድምፄም ትንሽ፣ ትዕግሥቴም ትንሽ ነበር። ሥዕል ግን እችላለሁ። የክፍሉ ግድግዳ ሁሉ እኔ በሳልኩት ላም፣ በሳልኩት የሰው ሳንባ ተሸፈነ። አንድ ቀን ከትምህርት ቴሌቪዥን ክፍል ለጉብኝት የመጡ ሰዎች ሥዕሎቹን አይተው፣ "ማን ነው የሳላቸው?" ብለው ጠየቁ። ብዙም ሳይቆይ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ደሞዙ ያው ነበር፤ እኔ ግን ከሰማንያ ልጅ ጩኸት ማምለጤን ብቻ አስቤ እየሮጥኩ ሄድኩ።

አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት አልፈውት ነበር። ክፍላችን ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ፣ ከአንድ ባለጸጋ የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ሳሎኑ የፊልም ማሳያ፣ ወጥ ቤቱ የድምፅ መቅጃ፣ ከጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ደግሞ የሥዕል ክፍል ሆነ። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ በበሩ ሥር እየገባ ወረቀታችንን ይበትነው ነበር።

እዚያ ነው ጋሼ ደምሴን ያገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። በድሮው መንግሥት ጊዜ በዜና ፊልም እጥበት ቤት ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍር ያሳድጉት ነበር፤ መርፌው ሲጠፋ በእሱ ይጭራሉ።

የመጀመሪያ ቀን እርሳሴን ቀርጬ፣ ወረቀቴን አስተካክዬ ስቀመጥ መጡና፣ "ሀ ቢራመድ እንዴት ይራመዳል?" አሉኝ።

ሳቅኩ።

"አትሳቂ። ተነሺና ተራመጂልኝ።"

"ጋሼ፣ ሀ እኮ እግር የለውም።"

"ታዲያ እግር የሌለው ነገር እንዴት ነው የሚሄደው?"

አሰብኩ። ሀ ታቹ ክብ ነው፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ እንጂ ሌላ መንገድ የለውም። አፍሬ፣ ዙሪያዬን አይቼ፣ እየተወዛወዝኩ ክፍሉን አቋረጥኩ። ጋሼ ደምሴ አልሳቁም። "በይ አሁን ሳይው" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልራመደው የሳልኩት ፊደል የለም። ለ በሁለት እግሩ ይሄዳል። ሐ ሦስት እግር ስላለው ከራሱ ጋር ይጠላለፋል። መ ሁለት ጎማ አለው፤ ይንከባለላል። ይህን ሁሉ በዚያች ጠባብ ሰርቪስ ቤት ወለል ላይ በገዛ እግሬ ሠርቼዋለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሥራችን አልቆ ከመተላለፉ በፊት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮጀክተሩን ተሸክመን ቀጨኔ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት እንሄድና ለልጆች እናሳያለን። አንሶላ ይሰቀላል፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረዳል። ጋሼ ደምሴ ወንበራቸውን ከአንሶላው ፊት ያደርጉና ለፊልሙ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ አዙረው ይቀመጣሉ። አንድም ቀን ፊልሙን ከልጆች ጋር ሲያዩ አላየሁም።

"ፊልሙን እኔ አውቀዋለሁ" ይሉኝ ነበር። "የማላውቀው እነዚህን ነው። የልጅ ዐይን ከሥዕሉ የሸሸባት ቦታ ላይ ነው ጥፋታችን ያለው።"

ሦስተኛው ሰው ወርቁ ነበር። የሽሮ ሜዳ ልጅ ነው፤ አባቱ ሸማኔ ናቸው። ድምፅ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ጣሳ ውስጥ ባቄላ ጨምሮ ዝናብ ያዘንባል፣ ጉንጩን በጣቱ መትቶ የውኃ ጠብታ ያወጣል። ወሬው ብዙ፣ ሳቁ ቅርብ ነበር።

እንግዲህ ካሜራው ተበላሸ። የሥዕል ፊልም የሚነሣበት ካሜራ በአገር ውስጥ መለዋወጫ አልተገኘለትም፤ ከውጭ እንዳይገዛ የውጭ ምንዛሪ የለም። በዚያው ሰሞን ደግሞ አገሩ ሁሉ ፊደል ቁጠሩ እየተባለ ነበር። ለትንንሽ ልጆች ከሀ እስከ ፐ ያሉትን ፊደሎች አንድ በአንድ የሚያስተምር ተከታታይ ፊልም እንድንሠራ ታዘዝን። የክፍሉ ኃላፊ ጓድ አበራ ነበር፤ ከእኔ በሁለትና በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ኮሌታው ምንጊዜም የተቆለፈ፣ ተናጋሪ ሰው። ጠርቶን፣ "ያለ ካሜራ ፊልም ይሠራል?" አለ። መልስ የጠበቀ አይመስልም ነበር።

"ይሠራል" አሉ ጋሼ ደምሴ።

በማግሥቱ አንድ ክንድ የምትሆን ጥቁር ፊልም ይዘው መጡ። ላይዋ በመርፌ ተጭሯል። በፕሮጀክተሩ ስናሳልፋት አንሶላው ላይ አንዲት ነጭ መስመር ተነሥታ፣ ተንቀጥቅጣ፣ ተጠቅልላ ሀ ሆነችና ጠፋች። ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። ወርቁ፣ "ድገሙት በናታችሁ!" ብሎ ጮኸ። እኔ እጄ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

ሥራው ግን አድካሚ ነው። የፊልም አንዷ ሥዕል ከጥፍር አትበልጥም፤ ለአንድ ሰከንድ ሃያ አምስቱ ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዷ ከፊተኛዋ በፀጉር ያህል መለየት አለባት። ጥቁር ፊልም ላይ ከጫርን ነጭ መስመር እናገኛለን። ጥቁር መስመር ስንፈልግ ደግሞ ምንም የሌለበት፣ እንደ መስተዋት የጠራ ፊልም ያስፈልገናል። እሱ ከየት ይምጣ?

መጋዘኑ ውስጥ የድሮው መንግሥት የዜና ፊልሞች ተቆልለው ነበር። ሰልፍ፣ ግብር፣ ምረቃ፣ የመኳንንት ፈረስ ጉግሥ። ሊወገዱ ተወስኖባቸዋል። ጋሼ ደምሴ፣ "እናጥባቸውና እንሣልባቸው" አሉ። ጓድ አበራ ሐሳቡን ወደደው። በሳምንቱ የውይይት ክበብ ላይ ተነሥቶ፣ "የድሮውን ሥርዓት አጥበን አዲስ ፊደል እንጽፍበታለን!" ሲል ተጨበጨበለት። በጽሑፍ የሰጠን ትእዛዝ ግን አልነበረም፤ ማንም አልጠየቀውም።

ግቢው ውስጥ ሳፋ ደረደርን። የፈላ ውኃ ከበረኪና ጋር ቀላቅለን ፊልሙን እንዘፈዝፋለን። ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን እየለሰለሰ ሲመጣ በስፖንጅ እናሸዋለን፤ ውኃው ይጠቁራል። ከዚያ እናለቀልቀውና በባሕር ዛፎቹ መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ እናሰጣዋለን። ጎረቤቶች በአጥር እያዩ፣ "ምን ዓይነት ልብስ ነው የሚያጥቡት?" ይባባሉ ነበር። ነፋስ ሲመጣ ያ ሁሉ የጠራ ፊልም እየተውለበለበ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። እጄ ተላልጦ እናቴ ቅቤ ትቀባኝ ነበር።

ጋሼ ደምሴ እያንዳንዱን ጥቅል ሳፋ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት ጫፉን ወደ ሰማይ አንሥተው ያዩታል። አብዛኛውን የሚያውቁት ነው። አንድ ቀን፣ "ይሄን እኔ ነኝ ያጠብኩት" አሉኝ። "ያኔ አጥቤ አወጣሁት። አሁን አጥቤ አጠፋዋለሁ።"

"አያሳዝንዎትም?"

ትንሽ አሰቡ። "ሰልፉ አያሳዝነኝም። እጥበቱ ግን ጥሩ ነበር" አሉ።

የጠራው ፊልም ላይ ቀለም አልይዝ አለን። የቻይና ቀለም እንደ ቅባት ላይ ውኃ እየተሰበሰበ ይንጠባጠባል። ሳሙና ጨመርንበት፤ አረፋ ሆነ። የእንቁላል ነጭ ጨመርንበት፤ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ። በመጨረሻ ከመርካቶ የመጣ ሙጫ በጥቂቱ ሲገባበት ያዘ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሀ አለቀ፣ ለ አለቀ፣ ሐም አለቀ። ከየትምህርት ቤቱ ጥሩ ወሬ ይመጣ ጀመር።

አራተኛው መ ነበር። ከላይ የመጣልን ጽሑፍ "መ — መሬት" ይላል። መ በሁለት ጎማው እየተንከባለለ መስመር ያሰምራል፤ መስመሩ ሽቅብ ቁልቁል ብሎ የታረሰ መሬት ይሆናል። ከሠራናቸው ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ችግሩ፣ በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ውኃ ጠፋ። ሴቶቹ ማሰሮ ተሸክመው ወደ ምንጭ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። እኛም ያቺኑ የጠቆረች ውኃ ደጋግመን ተጠቀምንባት፤ ሦስታችንም በአንድ ሳፋ እንሠራለን፤ ቀኑ ደርሶብናል። ፊልሙ በዐይን ሲታይ የጠራ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቀጨኔ ወሰድነው። እኔ ፕሮጀክተሩ ላይ ነኝ፤ ፊልሙ እንዳይያዝ ዐይኔን ከማሽኑ አላነሣሁም። ወርቁ ከድምፁ ጋር ይታገላል። ጋሼ ደምሴ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። መ እየተንከባለለ ሲወጣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ፣ "ፈረስ! ፈረስ!" ብለው ጮኹ።

ጋሼ ደምሴ ፊታቸው በራ። ሲያልቅ ትከሻዬን ይዘው፣ "ሰማሽ ሙሉ? መስመሩ ፈረስ ሆኖ ታያቸው እኮ! እኛ ያልሳልነውን አዩት!" አሉኝ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያንኑ እያወሩ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየሁም።

ፊልሙ በቴሌቪዥን ተላለፈ። በሳምንቱ ጓድ አበራ ፊቱ አመድ መስሎ ሰርቪስ ቤታችን በር ላይ ቆመ። "ምንድን ነው ያደረጋችሁት?" አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከልጆቻቸው ጋር ሲያዩ፣ "መሬት" በተባለበት ቅጽበት፣ ካባ የለበሰ መኮንን በፈረስ ላይ ሆኖ ብልጭ ብሎ ጠፋ ማለታቸውን ነገረን። መሬት ለአራሹ በተባለበት አገር፣ መሬት በሚለው ቃል ላይ ባላባት በፈረስ! የልጆቹ ጩኸት ያኔ ነው የገባኝ። ጋሼ ደምሴን አየኋቸው፤ እሳቸውም ገብቷቸዋል።

ሦስት መርማሪዎች መጡ። ሳሎኑ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ፤ ጽዳቷ ሳትቀር ሠራተኛው ሁሉ ተቀመጠ። ዋናው ጠያቂ ባለመነጽር ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ትሕትናው የሚያስፈራ። ፊልሙ ይታይ አለ። አሳየሁ። ማንም ምንም አላየም። "ድገሚው" አለ። ደገምኩት። በሦስተኛው ላይ ከኋላ አንዱ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም አየነው፤ በጣም የደበዘዘ፣ እንደ ጭስ፣ ከመስመሩ ጀርባ።

"እዚያው ላይ አቁሚው" አለኝ።

"ጓድ፣ ቆሞ ከቆየ ያቃጥለዋል። መብራቱ ኃይለኛ ነው።"

"አቁሚው አልኩሽ፣ እህቴ።"

አቆምኩት። ፈረሰኛው ግድግዳው ላይ ቆመ። ካባው፣ የፈረሱ አንገት፣ ከፍ ያለች አንዲት ኮቴ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ የእኛ መ። ከዚያ መሐሉ ቡናማ ሆነ፣ አረፋ አወጣ፣ ፈረሱም ሰውዬውም ፊደሉም ቀልጠው ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ። የተቃጠለ ፊልም ሽታ ክፍሉን ሞላው።

"ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው" አለ ባለመነጽሩ።

"ነግሬዎት ነበር" አልኩ። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። ተቀመጪ አላለኝም፤ እኔም መቀመጥ አልቻልኩም። "ይህ የእጥበት ጉድለት ነው። ውኃ ጠፍቶ ነበር። ብንፈልግ ኖሮ እንዲህ የደበዘዘ ነገር እናደርጋለን? አሮጌ ፊልም እንድናጥብ የተፈቀደልንም..." ብዬ ወደ ጓድ አበራ ዞርኩ።

ጓድ አበራ ጫማውን እያየ ነበር። ቀና አላለም።

ባለመነጽሩ ወደ ጋሼ ደምሴ ተመለሰ። "ከመተላለፉ በፊት አላዩትም?"

"አላየሁትም።"

"ሌላ ሰውስ አላየውም?"

እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ! ወርቁ በዐይኑ ለመናቸው። ጋሼ ደምሴ ግን ስለ ሥራ ሲጠየቁ ሌላ መልስ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ተነሡ።

"ልጆቹ አይተውታል" አሉ። "ቅዳሜ ዕለት ቀጨኔ ስናሳይ ፈረስ ብለው ጮኸዋል። እኔ ሰምቻለሁ።"

"ሰምተው አስተላለፉት?"

"ሰምቻለሁ እንጂ አልተረዳሁም። መስመሩን ያሉ መሰለኝ። ልጆቹ ትክክል ነበሩ።" ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብለው፣ እንደ ትምህርት፣ "ልጅ ያልነበረውን ነገር አየሁ አይልም። መጠየቅ ነበረብኝ" አሉ።

ባለመነጽሩ ሲጽፍ የብዕሩ ድምፅ ይሰማ ነበር። የመጡበት ላንድሮቨር ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ጋሼ ደምሴ ተይዘው ሲወጡ ሹራባቸውን ወንበሩ ላይ ረስተውት ወርቁ ሮጦ አቀበላቸው።

ቀሪዎቹ አሮጌ ፊልሞች በዚያው ሳምንት ተጭነው ተወሰዱ። እኔና ወርቁ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን። ሥራ ላይ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እቀመጣለሁ እነሣለሁ፤ በሩን እከፍታለሁ እዘጋለሁ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። ጠዋት ጠዋት የጋሼ ደምሴ ባለቤት ወይዘሮ ዘነበች ስንቅ ቋጥረው ወደታሰሩበት ግቢ ሲሄዱ አንዳንዴ አብሬያቸው እሄድ ነበር። ሰው አያሳዩንም። ስንቁን ይቀበሉና የትናንቱን ባዶ ሳህን ይመልሳሉ። ባዶ ሆኖ ከተመለሰ እስረኛው በልቷል ማለት ነው፤ ከበላ አለ ማለት ነው። ወይዘሮ ዘነበች ሳህኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው ይመለሳሉ።

ተከታታዩ ግን ተጀምሯል፤ ትምህርት ቤቶች ሠ የታለ እያሉ ነው። ጓድ አበራ ጠርቶን፣ "ፊልም የለም፤ መታጠብም የለም። ቀጥሉ" አለን። ፊቱን ማየት አስጠልቶኝ ነበር፤ ወጣሁ።

በምን እንቀጥል? ያለን የስቱዲዮው ትልቅ የቴሌቪዥን ካሜራ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፊቱ ያለውን እንዳለ ነው የሚያሳየው። ልጅ እንደነበርኩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በእርጥብ ጣቴ እጽፍ ነበር፤ ፀሐይ ሲነካው ይጠፋል። ይህን ለወርቁ ነገርኩት። ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ አጋደምን፣ ካሜራውን ከላይ አደረግን፣ በብሩሽ በውኃ ጻፍኩ። የስቱዲዮው መብራት እሳት ነው፤ ፊደሉ ከዳር ከዳሩ እየደረቀ፣ እየቀጠነ ጠፋ። ራሱን ያንቀሳቅሳል! ደጋግሜ ስሞክር ደግሞ ብልሃቱ ገባኝ። ውኃውን ያሳሳሁበት ቀድሞ ይጠፋል፣ ያወፈርኩበት ይቆያል። የረ እግር መጀመሪያ እንዲሄድ፣ አንገቷ መጨረሻ እንድትቀር ማድረግ ቻልኩ። ስሕተት ግን አይታረምም፤ አንዴ ከተሳሳትኩ ሰሌዳው ደርቆ ከሥሩ መጀመር ነው። ወርቁ ከመቅጃው ክፍል፣ "ሳትጠፋ ስሟን ማን ይላል?" እያለ ይጠራል፤ ልጆች በየክፍላቸው ፊደሏ ሳትደርቅ ስሟን ይጮኻሉ። ከየትምህርት ቤቱ የሰማነው ወሬ አንድ ዓይነት ነበር። ልጆቹ ጣታቸውን በምራቅ እያረጠቡ ሰሌዳውን፣ ግድግዳውን፣ የዴስካቸውን ላይ ሞሉት። እንዲህ አድርገን ፐ ደረስን።

ጋሼ ደምሴ የተፈቱት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ለምን እንደተፈቱ ለእኛ የነገረን የለም። ቤታቸው ሄድኩ። ከስተዋል፤ ጥፍራቸው ተቆርጧል። ወንበር ሰጡኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራ ግን አንድ ቃል አላነሡም። ስወጣ በር ድረስ ሸኝተው፣ "አትመላለሺ፣ ሙሉ። ለአንቺ አይበጅም" አሉኝ። ወደ ሥራቸው እንዳይመለሱ ተከልክለው ነበር።

በዚያው ሰሞን ጓድ አበራ ወደ አንድ ሩቅ ክፍለ አገር ተዛወረ፤ ስንብቱ ላይ አልተገኘሁም። ዓመታት አለፉ። ካሜራው ተጠገነ፣ ሌላ አለቃ መጣ፣ ቴሌቪዥኑ ባለ ቀለም ሆነ። አዲሱ አለቃ ጥሩ ሰው ነበር፤ "ያን ያልሽኝን ሰውዬ አምጪያቸው፤ ነገሩ ቀዝቅዟል፤ አዲሶቹን ልጆች ያሠለጥኑልን" አለኝ። እግሬን አንሥቼ ወጣሁ።

ጋሼ ደምሴ አዲሱ ገበያ አካባቢ ማስታወቂያ ይጽፉ ነበር። የጎሚስታ፣ የሻይ ቤት፣ የፀጉር ቤት ሰሌዳ። አንድ ሻይ ቤት በር ላይ መሰላል ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከሥር ሆኜ ተናገርኩ። እስክጨርስ ብሩሻቸውን አላቆሙም።

"እግዜር ይስጥልኝ በያቸው" አሉ። "አልመጣም።"

"ለምን? ያ ያሳሰርዎት አበራ እንኳ ሄዷል! ያኔ አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ..."

ብሩሹ ቆመ። ከመሰላሉ ወረዱ።

"አበራ ነው ያስፈታኝ" አሉ።

"ምን?"

"ሄዶ፣ እጠቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ ብሎ ቃሉን ሰጠ። መርማሪው ራሱ ነው የነገረኝ። ያ ዝውውር ምን መስሎሽ ነው? ሹመት?"

በዚያ ስብሰባ ላይ ጫማውን ሲያይ ብቻ ነበር ለዓመታት የታየኝ። የት እንዳለ ጠየቅኋቸው፤ አያውቁም። እኔም ኋላ አፈላልጌ አላገኘሁትም።

ጋሼ ደምሴ ብሩሻቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ "አልቀየምኩም፣ ሙሉ" አሉኝ። "እጄ ነው። ትንሽ ነገር ላይ አሁን ይንቀጠቀጥብኛል። ትልልቅ ፊደል ነው የሚሆንልኝ።"

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን የልጆች ክፍለ ጊዜ መክፈቻ ሙዚቃ ተሰማኝ። የዚያን ቀን የእኔ የቁጥር ፊልም ነበር የሚታየው፤ ከወርቁ አባት የተራረፈ ባለ ቀለም ክር ሰብስበን የሠራነው። ክሮቹ ከጠረጴዛ ላይ ራሳቸውን አንሥተው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይጠመዘዛሉ። ወራት የፈጀ ሥራ ነው። አለቃው አመስግኖኛል፣ በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦልኛል።

"ይግቡ" አልኳቸው።

"ቀለሙ ይደርቅብኛል።"

"ጋሼ ደምሴ፣ ይግቡ አልኩዎት!" ጮኼባቸዋለሁ መሰለኝ፤ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ዞር አሉ። ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። እምቢ አላሉም። በሩ ውስጥ ቆሙ፤ ብሩሻቸው እጃቸው ላይ ነው፤ ቀይ ቀለም ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ እሳቸው አላወቁም። ከታሰሩ ወዲህ እኔ የሠራሁትን አንድም ነገር አይተው አያውቁም፤ ቤታቸው ቴሌቪዥን የለም።

አንድ ወጣ። ሁለት ወጣ። ሦስት ተጠማዘዘ፣ ቆመ፣ ሄደ። እስከ አሥር ድረስ አዩት። ሲያልቅ ባለ ሻይ ቤቱ ሬዲዮውን ከፈተ፤ ሰዎቹ ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። ጋሼ ደምሴ ወጥተው መሰላላቸውን አስተካከሉ፤ አንድ እግራቸውን አወጡና ቆሙ።

"ሦስት ቸኩሏል" አሉኝ። "ሳይነሣ ቆመ። ሌላው ግድ የለም።"

ከዚያ ወጥተው መጻፋቸውን ቀጠሉ። እኔ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። አውቶቡስ አጠገቤ ቆመ፤ አልገባሁም። እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅኩ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁና ክሮቹን ከሣጥን አወጣሁ። ወርቁ ሲመጣ፣ "ተላልፎ ያለቀ ፊልም ምን ያደርግልሻል?" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ መብራቱን አበራሁ። እውነትም ሦስት ቸኩሎ ነበር።